ለሚጣል ወረቀት የተሰጠ ዕድሜ

ዛሬ የምናገረው ስለ ካርድ ነው። መጫወቻ ካርታውን ማለቴ አይደለም፤ የስፖርተኛ ወይም የተዋናይ ሥዕል ያለበትን፣ ልጆች የሚለዋወጡትን፣ አዋቂዎች ደግሞ በሚሊዮን ዶላር የሚጫረቱበትን ካርድ ነው። ታሪኩ የሚበዛው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ እዚያው እቆያለሁ፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1880ዎቹ ሲጋራ የሚሸጠው በስስ ወረቀት ፓኮ ነበር። ኪስ ውስጥ ሲገባ ፓኮው ይጨማደድና ሲጋራው ይሰበራል። ፋብሪካዎቹ ይህን ለመከላከል ጠንከር ያለ ቁራጭ ካርቶን ይከቱበት ጀመር፤ ባዶውን ከሚቀርም ሥዕል አተሙበት። የሪችመንዱ አለን ኤንድ ጊንተር ኩባንያ የቤዝቦል ተጫዋቾችን፣ ቦክሰኞችን፣ ወፎችን፣ የየአገሩን ባንዲራ በተከታታይ አወጣ። አጫሹ ተከታታዩን ለማሟላት ሲል ያንኑ ሲጋራ ደጋግሞ ይገዛል፤ ልጆች ደግሞ ሲጋራ ቤት ደጃፍ ቆመው ካርዱን ይለምናሉ።

ከሲጋራ ካርዶች ሁሉ ስሟ የገነነው የሆነስ ዋግነር ካርድ ናት። ዋግነር የፒትስበርግ ፓይሬትስ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ባወጣው ተከታታይ ውስጥ ሥዕሉ ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ኅትመቱ ቆመ። ዋግነር ልጆች ለካርዱ ብለው ሲጋራ እንዳይገዙ ሰግቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ክፍያ ስላልተስማማው ነው የሚሉም አሉ። ካርዷ ከክብሪት ሳጥን እምብዛም አትበልጥም፤ ፀጉሩን መሐል ለመሐል የከፈለ፣ ቆፍጠን ያለ ሰው በብርቱካንማ መደብ ላይ ይታይባታል፤ ጀርባዋ የሲጋራ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ የሚታወቁት ቅጂዎች 60 ገደማ ናቸው። በ2022 አንዷ 7.25 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

ሰብሳቢዎች ይህን ተከታታይ «ቲ206» ይሉታል። ካርዱ ላይ ግን እንዲህ የሚል ጽሑፍ የለም። ስሙን ያወጣለት ጄፈርሰን በርዲክ ነው፤ እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዋናነት ስለ እሱ ለመናገር ነው።

በርዲክ በ1900 ተወለደ። በሲራኪዩስ ከተማ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹ የተጣመሙበት፣ ደመወዙ መጠነኛ የሆነ ሰው ነበር። ለቤዝቦል የተለየ ፍቅር ነበረው አይባልም። የሚወደው ወረቀቱን ነው፤ የሲጋራ ካርድ፣ የከረሜላ ካርድ፣ ፖስት ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ሰው አይቶ የሚጥለውን ሁሉ ይሰበስባል። በዚያን ጊዜ አንዱ ሰብሳቢ ያለውን ለሌላው በደብዳቤ ለመግለጽ ብዙ መስመር መፍጀት ነበረበት። በርዲክ ለ19ኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርዶች አንድ ፊደል፣ ለ20ኛው ሌላ ፊደል፣ ለከረሜላና ለማስቲካ ካርዶችም ሌላ እየሰጠ፣ ተከታታዮቹን በቁጥር ደረደራቸው። ከመካከላችሁ ቴምብር የሰበሰበ ካለ የካታሎግ ቁጥር ምን ያህል ነገር እንደሚያቀል ያውቃል። በ1939 ያሳተመው ይህ ካታሎግ ኋላ «የአሜሪካ ካርድ ካታሎግ» ተባለ። ለዋግነር ካርድ የሰጠው ግምት 50 ዶላር ነበር፤ ያኔ ይህ ብዙ ገንዘብ ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ስብስቡን በኒውዮርክ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም በስጦታ ይሰጥ ጀመር። የኅትመት ሥራዎች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሃያት ሜየር ተቀበሉት፤ የማደራጀቱን ሥራ ግን በርዲክ ራሱ ተሸከመ። ዓመታት ፈጀበት። ከ300,000 በላይ ወረቀት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የቤዝቦሉ ብቻ ከ30,000 ይበልጣል። በእነዚያ በታመሙ እጆቹ አንድ በአንድ አልበም ላይ ለጠፋቸው። ሥራው በ1963 ጃንዋሪ አለቀ፤ በማርች እሱም አረፈ።

ከእሱ በኋላ የመጣውን ባጭሩ ልለፈው። የብሩክሊኑ ቶፕስ ኩባንያ በ1952 ከማስቲካ ጋር የሸጠው የቤዝቦል ካርድ ተከታታይ የኋለኛው ክፍል ገበያ አጣ። ካርዶቹን የነደፈው ሳይ በርገር በ1960 ሳይሸጥ የተረፈውን በጀልባ ጭኖ ባሕር ውስጥ እንደጣለው ተናግሯል። ከዚያ ክፍል የሆነው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ1950ዎቹ ልጅ የነበሩት በ1980ዎቹ ጎልምሰው፣ ገንዘብ ይዘው፣ እናቶቻቸው የጣሉባቸውን ካርድ ፍለጋ ወጡ። ኩባንያዎች ይህን አይተው ያለ ልክ አተሙ፤ ገዢውም አንዲት ሳይጥል አስቀመጠ። የዚያ ዘመን ካርድ አብዛኛው ዛሬ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ቤት አለና።

አሁን ያለው ገበያ የሚፈርደው በካርዱ ጥግና ጠርዝ ነው። ባለሙያ በአጉሊ መነፅር ያየዋል፣ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፣ በፕላስቲክ ያሽገዋል። በዚህ ዓይን ካየነው በርዲክ ካርዶቹን በመለጠፉ አበላሽቷቸዋል፤ ሙጫ ወረቀትን እንደሚጎዳም አይካድም። እኔ ግን ለበርዲክ ነው የምፈርደው። የታሸገችው ካርድ ለብቻዋ ናት፤ የምትነግረን ዋጋዋን ነው። የሱ አልበም ሲገለጥ ግን ካርዱ ከነጓደኞቹ በተራው ተቀምጦ ይገኛል፤ የዚያ ዘመን ሠራተኛ ምን እንዳጨሰ፣ ልጁ ማንን እንዳደነቀ፣ ነጋዴው በምን እንዳባበላቸው ከአንድ ገጽ ይነበባል። የበርዲክ ስሜት ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካርዶቹ ከእሱ ጋር በተቀበሩ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ያራዘመው ድርደራው ነው።

የበርዲክ የዋግነር ካርድ ዛሬም የሙዚየሙ ንብረት ናት። ሙዚየሙ ከስብስቡ እየቀያየረ ለሕዝብ ያሳያል፤ ብዙዎቹንም ፎቶ አንሥቶ በድረ ገጹ ስላስቀመጣቸው እዚህ ሆናችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። ስትፈልጉ በበርዲክ ስም ፈልጉ።