ስለ ፍችና ስለ ልጆች አያያዝ
(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ገለጻ)



እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ ነው።

ከአባሎቻችን መካከል ባልና ሚስት ተጣልተው በሽማግሌ ታዩ። ዕርቁ እምቢ ሲል «በስምምነት ተፋተዋል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይሆናሉ፤ አባት ቀለብ ይሰጣል» የሚል ወረቀት በእጄ ጻፍኩ፤ ማኅተምም አደረግሁበት። ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መሰለን። ከጥቂት ወራት በኋላ አባትዬው ቀለቡን አቆመ። እናትዬዋም ወረቀቱን ይዛ ፍርድ ቤት ብትሄድ «ይህ ፍች አይደለም፤ ጋብቻችሁ እንዳለ ነው» ተባለች። ያን ሁሉ ጊዜ የተንገላቱት ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍችን የሚያዩት የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍችን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ጉዳዩን የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው እንጂ ማፋታት አይደለም።

ባልና ሚስት ከተስማሙ ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። ካልተስማሙ አንዳቸው ማመልከት ይችላሉ። ዳኛው በተናጠልም ሆነ በአንድነት ያነጋግራቸዋል፤ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁም ሊልካቸው ይችላል። ያም ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

አሁን የምለውን ልብ በሉ። አንዱ ወገን የፍች ማመልከቻ ሲያቀርብ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ ሳይጠብቅ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ቀለብ ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ ይሰጣል። ያቺ እናት በእኔ ወረቀት ምክንያት ያጣችው ይህንን ነው።

ብዙ ሰው «ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናቱ ነው» ሲል እሰማለሁ። ይህ የዱሮው ሕግ ነው። ዛሬ ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ ደግሞም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። የት እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ሕክምናቸው፣ ስለ ቀለባቸው፣ ሌላው ወላጅም እንዴት እንደሚጠይቃቸው ይወስናል። ሁኔታው ከተለወጠም ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል።

ስለዚህ «ልጄን አላሳየችኝም» ብሎ ቀለብ መቁረጥ፣ «ቀለብ አልሰጠም» ብሎም ልጅን መደበቅ አይገባም። ቀለቡ የልጁ ነው፤ አባትን ማየትም የልጁ ነው። ትእዛዝ ያልተከበረለት ሰው አቤቱታውን ለዚያው ፍርድ ቤት ያቅርብ።

በመጨረሻም፦ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን ማኅተም በፍች ወረቀት ላይ አያርፍም። እናስታርቃለን። ዕርቅ ከጠፋ ግን የጋብቻውንና የልጆቹን የልደት ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃም ካለ አስይዘን ወደ ፍርድ ቤት እንሸኛለን። ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው ይንገረኝ፤ አብሬው እሄዳለሁ። ያ ዕዳ አለብኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ