ለየወራቱ የሚስማማ የመኝታ ልብስ

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤናና ንጽሕና ኮሚቴ የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል እንዳለ ተለጥፏል።)



 የዛሬውን ርእስ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አልቀረም። «ብርድ ልብስ መከናነብ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ሳትሉም አልቀራችሁም። ነገሩ ግን ገንዘብ አለበት፣ ጤና አለበት፤ ብርዱን ፈርቶ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ለሚያስገባ ቤተሰብ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ታገሡን።

እንደሚታወቀው በእኛ ልማድ ብርድ ማለት ክረምት ማለት ነው። ሰኔ ግም ሲል ወፍራሙ ብርድ ልብስ ከሳጥን ይወጣል፤ መስቀል አልፎ ፀሐይ ብቅ ስትል ታጥቦ፣ ታጥፎ ተመልሶ ይገባል። ለድሃ ጎረቤት ብርድ ልብስ የሚታደለውም በየሰፈሩ አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የሙቀት መለኪያው የሚናገረው ግን ሌላ ነው። በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ የሌሊቱ ሙቀት በአማካይ ወደ 10 እና 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም እጅግ ዝቅ የሚልበት ሌሊት አለ። እንግዲህ ዋናው የሌሊት ብርድ የሚመጣው ወፍራሙ ልብስ ሳጥን ውስጥ በሚቆለፍበት ሰሞን ነው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ቀን ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች፤ ሌሊት ደግሞ ምድር ያንኑ ሙቀት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። በክረምት ደመናው ሙቀቱ በሙሉ ወጥቶ እንዳይጠፋ ይይዘዋል፤ ደመናው ራሱ የከተማው ጋቢ ነው ብንል ያስኬዳል። በኅዳር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ኮከቡ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ምድርም ያለ ጋቢ ታድራለች። ለዚህ ነው ቀን በፀሐዩ ሹራባችንን አውልቀን ውለን ሌሊት ጥርስ የሚያፋጭ ብርድ የሚመጣብን። በደብረ ብርሃን በኩል ዘመድ ያላችሁ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ለምለም የነበረውን ቡቃያ ጠብሶት የሚያድረው እሱ ነው።

«ታዲያ ክረምት አይበርድም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ይበርዳል እንጂ። ግን ብርዱ ሌላ ዓይነት ነው። በክረምት ቀኑም ቀዝቃዛ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርጥበቱ አለ። ጋቢው ሳይደርቅ ይታጠፋል፣ ፍራሹ እርጥበት ይስባል፣ ግድግዳው ያልባል። እርጥበት የያዘ ጥጥ ደግሞ ምንም ቢወፍር ያበርዳል እንጂ አያሞቅም። ስለዚህ በክረምት የሚያስፈልገን ደረቅ ልብስ ነው፤ በኅዳር የሚያስፈልገን ወፍራም ልብስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተምታተው ነው ሰው በሐምሌ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቦ በላብ ተጠምቆ የሚያድረው፣ በታኅሣሥ ደግሞ በአንድ ስስ ልብስ ተኮራምቶ የሚነጋለት።

ልብስ ራሱ ሙቀት እንደማይፈጥርም እናስታውስ። ሙቀቱ የሰውነታችን ነው። ልብሱ የሚያደርገው በክሩና በፀጉሩ መካከል አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ መከልከል ነው። አያቶቻችን ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በሥራ ያውቁት ነበር። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በየድርቡ መካከል አየር ይቀመጣል። ቡሉኮ ከዚያም ይከብዳል። የመንዝ ባና ደግሞ ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው፤ ሲነኩት ይኮሰኩሳል ተብሎ ወጣቶቻችን ይንቁታል እንጂ ለደጋ ሌሊት እንደሱ ያለ የለም። ሱፍ ከራሱ ክብደት ወደ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ስቦ እንኳ እንደ ጥጥ ቶሎ ቀዝቀዝ አይልም። ስለዚህ በክረምት ከጥጡ ጋቢ ይልቅ የሱፉን ብርድ ልብስ ማስቀደም ብልኅነት ነው። ጋቢውን ለደረቁ ወራት አቆዩት።

ክብደትና ሙቀትም አንድ አይደሉም። በጣም የከበደ ልብስ ከሥሩ ያለውን ጋቢ ይጫነውና የያዘውን አየር ያስወጣዋል፤ ሰውየውም ደረቱ ተጭኖ ይገላበጣል። ሁለት መካከለኛ ልብስ ደርቦ መተኛት አንድ ድንጋይ የሚያህል ብርድ ልብስ ከመጫን ይሻላል። ደግሞም ሲሞቅ አንዱን መግፈፍ ይቻላል።

አሁን ወደ ኮምፈርቱ እንምጣ። ዛሬ በየገበያው ሞልቷል፤ ከውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም ይልኩልናል። ሰው የሚመርጠው ግን በአበባውና በቀለሙ ነው። ጫፉ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ አንብቡ እንላለን። ከእንግሊዝ አገር በመጣው ላይ «ቶግ» የሚል ቃልና ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ መለኪያ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ተመራማሪዎች የወጣ ሲሆን፣ ልብሱ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚከለክል ይናገራል። 4.5 የተጻፈበት ስስ ነው፣ የእነሱ የበጋ ልብስ ነው። 9 ወይም 10.5 መካከለኛ፣ 13.5 ደግሞ የእነሱ የክረምት ወፍራም ነው። ሁለት ኮምፈርት በቁልፍ ተያይዘው የሚሸጡም አሉ፤ አንዱ 4.5 ሌላው 9 ሆኖ ሲቆለፉ 13.5 ይሆናሉ። ቁጥር የሌለው ከሆነ ደግሞ በጨርቁ ላይ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ፋይበር እንዳለው ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ እሱም ከሌለ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ቶሎ ተመልሶ የሚነፋ ከሆነ አየር ይይዛል፤ እንደ ሊጥ ተጋግሮ የሚቀር ከሆነ ተዉት።

የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ለአዲስ አበባ ቤት 13.5 የሚባለውን ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ መጫን ገንዘብ ማባከን ነው። መካከለኛው፣ ማለትም 9 ወይም 10.5 የሆነው፣ ከአንድ ጥሩ ጋቢ ጋር ይበቃል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ሁለቱን ደርቡ። በየካቲት ጋቢውን አንሡ። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ሌሊቱ ለዘብ ስለሚል ለብዙ ሰው አንድ ስስ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢው ብቻ በቂ ነው። በክረምት ኮምፈርቱን መልሱ፤ ግን ፀሐይ በታየች ቁጥር ለአንድ ሰዓትም ቢሆን አውጡት። ኮምፈርት የሌለው ሰው አንድ የሱፍ ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ካለው ምንም አልጎደለበትም፣ በወሬ አይታለል። ድሬዳዋ ለምትሄዱ ግን ምክራችን አይሠራም፤ እዚያ አንሶላም ይበዛል።

በዚሁ በከተማችንም ቢሆን ቦታ ከቦታ ይለያያል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወንዝ ዳር ያላችሁም አትዘናጉ፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል።

ሌላው የሚረሳው ነገር ሰዓቱ ነው። ሰው ልብሱን የሚመርጠው ማታ በሦስት ሰዓት ሲተኛ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ገና የቀኑን ሙቀት ይዟል፣ የእራቱም እሳት አለ። ከፍተኛው ብርድ ግን ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የሰውነታችንም ሙቀት የሚወርደው ያን ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማታ ሲተኙ ደርቦ ከማላብ ይልቅ ጋቢውን እግርጌ አጥፎ ማስቀመጥ፤ ሲበርድ እጅ ሰድዶ መሳብ ነው። ከታች የሚመጣውንም ብርድ አትርሱ። በሲሚንቶ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ከላይ አራት ብርድ ልብስ ቢደርብ ብርዱ ከሥር ይገባበታል። አሮጌ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር ሳይሆን ከፍራሹ በላይ፣ ከአንሶላው ሥር አንጥፉ። አልጋውንም ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት።

አሁን ወደ ዋናው እንመጣለን። በእነዚሁ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው ሰው የከሰል ምድጃውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት የሚገባው፣ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። «ከሰሉ በደንብ ከቀላና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው። የቀላውም ከሰል መርዙን ይሰጣል፤ ጭስ አለመኖሩ መርዝ የለም ማለት አይደለም። ዕጣን ወይም ሰንደል ቢጨመርበት ሽታውን ያሳምር ይሆናል እንጂ መርዙን አይቀንስም። መርዙ ደማችን አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያውቀው እንቅልፉ እየከበደ ይሄዳል። ሕፃናትና እርጉዞች ቀድመው ይጎዳሉ። ጥዋት ከአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው ወደ ውጭ አውጧቸው፣ ምድጃውን አስወጡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ። በዚህ ጉዳይ ላይ መካከለኛ መንገድ የለንም። ከሰል መኝታ ቤት አይገባም። መስኮት ገርበብ አድርጎ መተኛትም መፍትሔ አይደለም። ቤቱን ለማሞቅ የሚቃጠለው የከሰል ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሩ ብርድ ልብስ ይገዛ እንደሆነ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ቤት አስሉት። እስከዚያው ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጀሪካን ሳይሆን ለዚሁ በተሠራው የጎማ ከረጢት ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመተኛት በፊት አልጋ ማሞቅ ይቻላል።

ሕፃናትን በተመለከተ አንዲት እናት ባለፈው ጠይቀውን ነበር። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ኮምፈርትም ሆነ ከባድ ጋቢ አይደረብበትም፤ ፊቱ ላይ ሊሸፈንበት ይችላል፣ ገፍፎ የመጣል አቅምም የለውም። በልብስ አሙቁት፣ በጀርባው አስተኙት፣ ፊቱን ግልጥ አድርጉ። ብርድ እንዳለበት ለማወቅ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኩ። አረጋውያን ደግሞ ተቃራኒው ነው ችግራቸው። ሰውነታቸው ብርዱን ቶሎ አይነግራቸውም፤ «ደኅና ነኝ ልጄ» እያሉ ይቀዘቅዛሉ። እማማን «በርዶዎታል ወይ?» ብሎ ጠይቆ መሄድ አይበቃም፤ እጃቸውን ጨብጡ፣ አልጋቸውን ዳሱ። ከባድ ልብስ ስለሚጫናቸው ቀለል ያለ ደራርባችሁ፣ ካልሲና ቆብ ጨምሩላቸው።

ስለ አያያዙ በአጭሩ፦ ጥዋት እንደተነሣችሁ አልጋውን አታንጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ተገልጦ ይናፈስ። ሱፍ በፈላ ውኃ አይታጠብ፣ ይኮማተራል። ሳይደርቅ በላስቲክ አይታሸግ። ብል እንዳይበላው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ፤ ናፍታሊን ከተደረገ ከልጆች ይራቅ።

በመጨረሻም ለውሳኔ የምናቀርበው ነገር አለ። ማኅበራችን በየዓመቱ ለአቅመ ደካሞች ከሚመድበው ገንዘብ ውስጥ የብርድ ልብሱ ድርሻ በመስከረም እንዲገዛና እስከ ጥቅምት አጋማሽ ታድሎ እንዲያልቅ እንጠይቃለን። የሚገዛውም በቁጥር ብዙ ሆኖ ስስ ከሚሆን፣ በቁጥር ጥቂት ሆኖ ሱፍነት ያለው ቢሆን እንመርጣለን። ብቻቸውን ለሚኖሩና ማታ ከሰል ለሚያስገቡ ቤቶች ቅድሚያ ይሰጥ። እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች የምታውቁ ለኮሚቴው አባላት በቃል ንገሩን፤ በጽሑፍ አይሁን፣ ስማቸውም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። ልብሱን የምናደርሰው ማታ፣ ከቤት ወደ ቤት ነው። ሁለት ጠንካራ ወጣቶች ለመሸከም እንፈልጋለን።