ኮምፒዩተርን ከመክሰስ አስቀድሞ መጠየቅ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ቡና በሚለቀምበት ወራት፥ ይኸውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፥ ከጅማ ወደ አጋሮ፥ ወደ ጌራ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የተጓዘ ሰው ቀይ ቡና ተሰጥቶ ሳያይ አያልፍም። የአገሩ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ገንዘብ በእጁ የሚያገኘው በዚህ ወራት ነው። የልጆች ደብተር፥ የቤት ክዳን፥ የዕዳ ክፍያ፥ ሁሉም መከሩን ይጠብቃል። ስለዚህ በመከር ጊዜ አንድ ቀን በከንቱ ሲያልፍ ጉዳቱ ለብዙ ቤት ይተርፋል። እኔም ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ ቡናው ሳይሆን፥ የቡናው ሒሳብ ስለሚጻፍበት መሣሪያ፥ ስለ ኮምፒዩተር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ለሥራ ጉዳይ በጅማ ዙሪያ ካሉት የቡና ከተሞች ወደ አንዲቱ ሄጄ ነበር። የደረሰው ነገር በማናቸውም መሥሪያ ቤት ሊደርስ ስለሚችል የከተማዋንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አላነሣም። በደጁ እሸት ቡና ያስረከቡ ገበሬዎች ከማለዳ ጀምረው ክፍያ ይጠብቃሉ። በውስጥ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ አንድ ቁጥር በጻፈች ቁጥር መሣሪያው ብዙ ደቂቃ ያስጠብቃታል። ኃላፊው ገብተው፥ «ዘፈንና ፊልም እየጫንሽ ገደልሽው» ብለው ተቆጧት። ሌላው፥ «አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፥ «ፎርማት ይደረግ» ሲል ፈረደ።

ፎርማት ማድረግ ማለት በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው። ባለፈው መከር እንዲሁ ተደርጎ መዝገቡ ጠፍቶ ነበርና፥ ሠራተኛዋ ይህን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። የጠፋውን ሒሳብ ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀመች በየማታው እንደገና የጻፈችው እርሷ ነበረች።

ከጅማ የተጠራው ወጣት ባለሙያ ግን በደረሰ ጊዜ በማንም ላይ አልፈረደም። ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት ተጫነ፤ አንድ ሰንጠረዥም ተከፈተለት። በሰንጠረዡ ላይ መሣሪያው በዚያች ደቂቃ የሚሠራቸው ፕሮግራሞች ሁሉ በየስማቸው ተዘርዝረዋል። ፊልምም ዘፈንም አልነበረም። የመሣሪያውን ጉልበት አብዛኛውን የያዘው በስውር የገባ አንድ ፕሮግራም ነበር፤ በማን ፍላሽ እንደ ገባ ያወቀ የለም። ወጣቱ አስቀድሞ የሒሳቡን መዝገብ ቀዳ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን አስቆመ፤ ከዚያም በጸረ ቫይረስ አስፈተሸ። ከቀትር በኋላ ገበሬዎቹ በየተራቸው ይጠሩ ጀመር። ኃላፊውም፥ «እኅቴ፥ በድዬሻለሁ» አሉ። ይህን በሰው ፊት ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሰንጠረዥ ታስክ ማኔጀር ይባላል። ዴቭ ፕለመር የተባለ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ የጻፈው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4 ጋር ወጣ። ከእርሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ዊልያም ለፌቭር ዩኒክስ ለሚባለው ሥርዓት ቶፕ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ እርሱም እስከ ዛሬ በታላላቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራበታል።

ጥቅሙን ለጅማ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በቡና መጋዘን ናሙና የሚወስደው ሠራተኛ ጆንያውን አይዘረግፈውም፤ ሹሉን ብረት በጆንያው ጎን ሰክቶ ጥቂት ፍሬ ያወጣል፥ ጆንያውም እንደ ተሰፋ ይቀራል። ታስክ ማኔጀርም እንዲሁ ሥራውን ሳያቋርጥ በውስጥ ያለውን ያሳያል። ፎርማት ማድረግ ግን ጆንያውን በጭቃ ላይ መዘርገፍ ነው።

አነባበቡም አስቸጋሪ አይደለም። በሰንጠረዡ ራስጌ ሲፒዩ የሚለው የአሳቢውን ክፍል ጉልበት፥ ሚሞሪ የሚለው ለጊዜው የተያዘውን ማኅደር፥ ዲስክ የሚለው ከማከማቻው ጋር ያለውን ምልልስ፥ ኔትወርክ የሚለው የመስመሩን አጠቃቀም ያመለክታል። ከአራቱ በአንዱ ላይ በማውስ ብትጫኑ ብዙ የሚወስደው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ታግሣችሁ ተመልከቱ፤ ፕሮግራም ሲከፈት ወይም ጸረ ቫይረሱ ሲፈትሽ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው።

ማየት ጥሩ ቢሆንም፥ ያዩትን አለማወቅ ደግሞ ሌላ ጥፋት ያመጣል። ሲስተም አይድል ፕሮሰስ የሚል መስመር ዘጠና ከመቶ ይዞ ያየ ሰው ሌባውን ያገኘ ይመስለዋል። ይህ ግን የአሳቢው ክፍል ሥራ ፈትቶ የሚያርፍበት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ መሣሪያው ዐርፏል ማለት ነው። ኤስቪሲሆስት የሚለውም ስም ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ቢታይ አያስደነግጥ፤ የዊንዶውስ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች በዚሁ ስም ይሠራሉ። በዚያች ከተማ የተገኘው ፕሮግራም ይህንኑ ስም ለብሶ ነበር። ወጣቱ የለየው በስሙ ሳይሆን በመኖሪያው ነው፤ እውነተኛው በዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም 32 በሚባለው ማኅደር ይቀመጣል፥ ያኛው ግን ከተጠቃሚው ሰነዶች መካከል ተገኘ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡና ሲመዘን ለጥሬው 40፥ ለሲኒው ጣዕም 60 ነጥብ መሰጠቱ፥ መልክ ብቻውን እንደማይታመን ያስረዳል።

ስለዚህ ያላወቃችሁትን ፕሮግራም አታስቁሙ። ከሥርዓቱ አስፈላጊ ክፍሎች አንዱን ብታስቆሙ መሣሪያው ባንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ ያልተቀመጠ ሒሳብ የተከፈተበትን ኤክሴል ብታስቆሙም የጻፋችሁት ይጠፋል። የተጠራጠራችሁትን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለባለሙያ አሳዩ። መጥፎውም ፕሮግራም ከቆመ በኋላ መሣሪያው እንደገና ሲነሣ ሊመለስ ይችላልና፥ በጸረ ቫይረስ መፈተሹ አይቅር። ከሁሉም በላይ መዝገቡ በአንድ መሣሪያ ብቻ አይኑር፤ በየሳምንቱ ተቀድቶ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ነገ በቢሯችሁ ኮምፒዩተሩ እምቢ ያለ እንደሆነ፥ ሠራተኛን ከመቆጣትና ገንዘብ ለግዢ ከመጠየቅ አስቀድሞ ሦስቱን ቁልፎች ተጫኑ። መሣሪያው የሚሠራውን ራሱ ይናገራል። በደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይም፥ በወንበሩ ላይ ያለ ጥፋት የሚወቀሰው ሠራተኛም ይህችን ጥቂት ደቂቃ ከእኛ ሊያገኙ ይገባቸዋል።