የእግር ሥርና የልብ ቀዶ ጥገና
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። የምናገረው በራሴ ላይ ደርሶ፥ ሐኪሞችንም ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ልቤን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠብበው ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ጥገና ሲታዘዝልኝ፥ ሐኪሙ «አባባ፥ እስቲ ሱሪዎን ወደ ላይ ይሰብስቡልኝ» አለኝ። «የታመመው ልቤ እኮ ነው!» አልኩት። እሱም ሳቀና አስረዳኝ። ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል ተነሥቶ እስከ ብሽሽት የሚወጣ ረጅም ደም መላሽ ሥር አለ። እሱ ቢወጣ ሌሎቹ ሥሮች ሥራውን ይሸፍኑለታል። ሐኪሞች ያንን አውጥተው ልብ ላይ ከተዘጋው ቦታ አሳልፈው ይቀጥሉታል። የውሃ መስመር ሲደፈን በጎን ሌላ ቧንቧ እንደ መዘርጋት ማለት ነው። ይህን ሕክምና በ1959 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967) በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ ሠርቶ ያስፋፋው ሬኔ ፋቫሎሮ የሚባል የአርጀንቲና ተወላጅ ሐኪም ነው።

ታዲያ የሚቀጠለው ሥር ጤነኛ መሆን አለበት። የእኔ የግራው እንደ ገመድ ተጠማዞ አብጧል፤ የቀኙ ደግሞ ደም ረግቶበት ኖሮ ደርቆ ጠንክሯል፤ ሲዳሰስ ሲባጎ ነው። ግድግዳው የወፈረ፥ ውስጡ የጠበበ ሥር ቢቀጠል ቶሎ ይደፈናል። እኔ ግን ለዓመታት «የመቆም ድካም ነው» እያልኩ ለባለቤቴ እንኳ ሳልናገር ደብቄ ኖሬአለሁ።

ደግነቱ ተስፋ አይቆረጥም። በደረት ውስጥ ያለ ደም ቅዳ ሥር አለ፤ እንዲያውም ከእግሩ ሥር ይልቅ ብዙ ዓመት ሳይደፈን ይቆያል። ከክንድም ይወሰዳል። ለእኔ ከደረቴና ከግራ ክንዴ ተወስዶልኝ ይኸው በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ሆኖም ብዙ ቦታ ለተዘጋበት ሰው የእግሩ ሥር ደህና ከሆነ የሐኪሙ ምርጫ ይሰፋል።

ስለዚህ አደራ እላለሁ። አንደኛ፥ እግሩ በድንገት አብጦ የሚያመው ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ሁለተኛ፥ የልብ ቀዶ ጥገና የታዘዘለት ሰው የእግሩ ሥር ታሞ ወይም ወጥቶ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገር። ሦስተኛ፥ ትንባሆ የሚያጤስ ይተው፤ አዲስ የተቀጠለውን ሥር ሳይቀር ይደፍናል።

ወገኖቼ፥ ለቀብራችን ድንኳኑም ወንበሩም ተሟልቷል። በሕይወት ሳለንም «እግርህ እንዴት ነው?» እንባባል።