ዝንጅብል፦ የአያት ቃል ከየት መጣ?

(በኮሚዩኒቲያችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል፣ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ አማርኛ አጭር ንግግር እንድናዘጋጅ ሲጠይቀን፣ ስለ ፊደል ልናወራ አስበን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ከመካከላችን በአንዱ ቤት የሆነ ነገር ነው። አያት ሻይ እያፈሉ “ዝንጅብሉን አቀብይኝ” ይላሉ። እዚሁ ኬንያ ተወልዳ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ሳቀች። “እማማ እኮ ጂንጀር ማለት አቅቷቸው ነው” አለችው ለወንድሟ። አያት መልስ አልሰጡም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ልጆቹ ባሉበት “ያንን ሥር” እያሉ ነው የሚጠሩት።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለእኛ ግን አልቀለለንም። ከአገር ርቀናል እንዳንል ኢትዮጵያ ከኬላው ማዶ ትታያለች፤ ቋንቋው ግን እዚሁ ማጀታችን ውስጥ ሊያፍር ነው። ስለዚህ የቃሉን ዱካ ተከትለን ሄድን።

አማርኛ ዝንጅብልን ያገኘው ከዓረብኛው “ዘንጀቢል” ነው። ቁርኣን የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ76ኛው ሱራ በ17ኛው አንቀጽ ከገነት መጠጥ ጋር ተጠቅሷል። ከዓረብኛው ጀርባ የጥንቱ የፋርስ ቋንቋ አለ፤ ከፋርሱም ጀርባ ሕንድ።

በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ቃሉ “ሽሪንጋቬራ” ይባላል። ሳንስክሪት ቃላትን አጋጥሞ አንድ ማድረግ ይወዳል፤ እኛ “ቤት”ንና “ሰብእ”ን አጋጥመን “ቤተሰብ” እንደምንለው ማለት ነው። “ሽሪንጋ” ቀንድ ነው፣ “ቬራ” ደግሞ አካል። ሁለቱ ሲገጥሙ “ቀንድ መሳይ አካል ያለው” ይሆናል። ከገበያ የመጣ ዝንጅብል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አለው። ትርጉሙ ልክ ይመስላል።

ይመስላል አልን። አላን ሮስ የተባሉ እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር በ1952 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ስለ አንድ ቃል ብቻ መጽሐፍ አሳትመዋል (ስለ ዝንጅብል አንድ መጽሐፍ!)። ዛሬ ብዙ ምሁራን እንደሚቀበሉት፣ የቃሉ መነሻ ሳንስክሪት ሳይሆን የደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች ናቸው። በታሚል እስከ ዛሬ “ኢንጂ” ማለት ዝንጅብል፣ “ቬር” ማለት ሥር ነው። የሳንስክሪት ሰዎች ይህን የእንግዳ ቃል ሲሰሙ የራሳቸውን “ቀንድ” የሰሙ መሰላቸው። የቀንዱ ትርጉም በኋላ የተሰፋለት ልብስ ነው። እንግዲህ ልጃችን የተሳሳተችው ከትልልቅ ሊቃውንት ጋር ነው፤ እነሱም የሌላውን ቃል በራሳቸው ጆሮ ነበር የሰሙት።

ቃሉ ከሕንድ በሌላም መንገድ ወጥቷል። ግሪኮች “ዚንጊቤሪስ” አሉት፤ በ1ኛው መቶ ዘመን ሐኪሙ ዲዮስቆሪዶስ ለሆድ እንደሚበጅ ጽፎለታል። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ “ጂንጀር” ሆነ። በእነሱ በኩል መጨረሻው “ር” ሆኖ ቀረ፤ በእኛ በኩል “ል” ሆነ። በኦሮምኛም “ጂንጂቢላ” ነው። ስዋሂሊው “ታንጋዊዚ” በመልኩ ለየት ይላል፤ እሱን ግን ገበያችን ላይ ሁሉም ያውቀዋል።

ይህን ስናዘጋጅ ልጅቷን አስቀምጠን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችንና “ታዲያ የተበላሸው ጂንጀር ነው?” ብላ ጠየቀችን። አንዱም አልተበላሸም፣ የአንድ አያት ልጆች ናቸው አልናት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበውን ሻይ ያፈሉት እኚያው እናታችን ናቸው። ልጆች፣ ምን እንደገባበት ሄዳችሁ ጠይቋቸው።