ቪዛ የመሰረዝ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?



ከምሩቆቻችን ጥቂት የማይባሉት ለስፔሻሊቲ ሥልጠና አሜሪካ ይሄዳሉ። ሲደውሉልኝ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ቪዛዬን ድንገት ሊሰርዙት ይችላሉ እንዴ?» እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ግን ጉዳዩ የእኛው ስለሆነ አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

አዎ፣ ይችላሉ። ኮንግረስ ያወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና የቆንስላ ሹሞች የተሰጠን ቪዛ በማንኛውም ጊዜ እንዲሰርዙ ይፈቅዳል። ሰውየው በዚያ ስረዛ ምክንያት ብቻ ከአገር ይውጣ ካልተባለ በቀር፣ ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዳይመረምርም ይከለክላል።

ታዲያ ሕገ መንግሥቱ የት አለ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ቪዛ በሩን ለማንኳኳት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ገብቶ የመቆየት ፈቃድ፣ ስታተስ የሚሉት፣ ሌላ ነው። ቪዛው ስለተሰረዘ ብቻ ስታተሱ አብሮ አይጠፋም።

ከበሩ ውጭ ላለ ሰው ሕገ መንግሥቱ ብዙም አይደርስለትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በማንደል ጉዳይ፣ መንግሥት ሕጋዊና ቅን የሚመስል ምክንያት ካቀረበ ከዚያ አልፈን አንመረምርም አለ። በ2024 በሙኞዝ ጉዳይ ደግሞ፣ አሜሪካዊት ዜጋ እንኳ የውጭ አገር ሰው የሆነው ባሏ ይግባልኝ የምትልበት ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላት ወሰነ።

ከገቡ በኋላ ግን ነገሩ ይለያል። ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ነጻነትን መንጠቅ የሚከለክለው አምስተኛው ማሻሻያ የሚጠብቀው ዜጋን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ሰው ነው። በ1945 በብሪጅስ ጉዳይም ፍርድ ቤቱ በአገሪቱ የሚኖር የውጭ ዜጋ የመናገር ነጻነት እንዳለው ገልጿል።

በ2025 ይህ ሁሉ ተፈተነ። የብዙ ሺህ የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ሴቪስ ከሚባለው ሥርዓት ላይ ተዘጋ። ብዙዎች ከሰሱ፤ ዳኞች እግድ ሰጡ፤ መንግሥትም በአፕሪል መጨረሻ መዝገቡን እንደሚመልስ አስታወቀ። ሴፕቴምበር 30 ቀን የቦስተኑ ፌዴራል ዳኛ ዊልያም ያንግ፣ ፍልስጤምን ደግፈው የተናገሩ የውጭ ተማሪዎችንና መምህራንን ለይቶ ለማባረር ማሰር የመጀመሪያውን ማሻሻያ ይጥሳል ብለው ፈረዱ።

እኛ የሕመምተኛን መድኃኒት ስናቆም ለምን እንዳቆምን ካርዱ ላይ እንጽፋለን፤ የሚቀጥለው ሐኪም አይቶ «ተሳስተሃል» ሊለን ይችላል። የሰው ኑሮ የሚያናጋ ሥልጣንም ቢያንስ ይህን ያህል ሊጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

እስከዚያው ግን ልጆቻችንን እናስጠንቅቅ። የስረዛ ኢሜይል የደረሰው ሰው ደንግጦ ሻንጣ አይሰር፤ መጀመሪያ ስታተሱ መኖሩን ያጣራ። ለለቅሶም ቢሆን ወደ አገር ቤት ከመብረሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ምክንያቱም ውጭ ሳለ ቪዛው ከተሰረዘ፣ ውስጥ ሆኖ ሊሟገትበት የሚችለው መብት አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ማኅበራችንም ለተጓዥ ምሩቆች፣ ከመሄዳቸው በፊት ይህን የሚያስረዳ ጠበቃ በዓመት አንዴ ቢጋብዝ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።