የመጣልንም ያዋጣነውም በይፋ ይነገር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ፣ ገራዶ፣ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ ቀን የተሠራውን መዘርዘር የተለመደ ነው። እኔ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ግን ሥራው የተሠራበትን ገንዘብ ይመለከታል። መንግሥት ለአርሶ አደሩና ለማኅበራት የሚሰጠው ድጎማ፣ አርሶ አደሩም በበኩሉ የሚያዋጣው ገንዘብና ጉልበት ለባለቤቱ እንዴት በይፋ ይነገር? ጥያቄው ይህ ነው።

ጉዳዩ ለኅብረት ሥራ ማኅበር እንግዳ አይደለም። የዓለም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ማንቸስተር ላይ ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አራተኛው ስለ ነፃነት ይናገራል። ማኅበር ከመንግሥትም ሆነ ከሌላ ወገን ድጋፍ ቢቀበል፣ አባላቱ በማኅበራቸው ላይ ያላቸውን የአዛዥነት ሥልጣን በማያሳጣ ሁኔታ መሆን አለበት ይላል። በሀገራችን ሕግም የማኅበሩ የመጨረሻ ወሳኝ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ታዲያ ምን ያህል እንደመጣለት ያልተነገረው ጉባኤ በምን ላይ ይወስናል? ያላወቀው ገንዘብ የእሱ አይደለም፤ ሌሎች ያዙበታል።

እኛ ወሎዎች የመደበቅን ዋጋ ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀቡ ሰው ሲጨርስ፣ የጊዜው መንግሥት ጉዳዩ እንዳይሰማ ማድረጉን መረጠ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ እስኪያሳዩ፣ ከዚያም የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በውጭ ሀገር ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ፣ ብዙ ሕዝብ አለቀ። እህሉ ያነሰው ገበሬው ጎተራ ውስጥ ነበር፤ ወሬው የታፈነው ግን ቢሮ ውስጥ ነበር። የተደበቀ ነገር ዕዳው መጨረሻ የሚወድቀው አርሶ አደሩ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ተሄዷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብቱን ዘርዝሮ አስቀምጧል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የድጎማ በጀት በጥቅል ለወረዳ መሰጠት ጀመረ። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ደግሞ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን አንዱ ክፍሉ በማድረጉ፣ ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ተደረገ። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በይፋ እንዲታወቅ፣ ቅር የተሰኘም አቤት እንዲል ሥርዓት ወጣለት።

ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መለጠፍ ብቻውን ማሳወቅ አይደለም። «መደበኛ፣ ካፒታል፣ ሥራ ማስኬጃ» የሚል ሰንጠረዥ ወረዳው ግቢ ውስጥ ቢለጠፍ፣ ከቀበሌው ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚመጣው አባል ምን ያነብለታል? እሱ ማወቅ የሚፈልገው ለእኛ መጋዘን ስንት ብር ተፈቀደ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶና ስንት ቆርቆሮ ተገዛ፣ እኛስ ያቀረብነው ድንጋይና የሠራነው ቀን በስንት ተገመተ የሚለውን ነው።

የሌሎችን ልምድ እንመልከት። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ከደመወዝ ውጪ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው ድጎማ በአማካይ 13 ከመቶው ብቻ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ ይደርስ እንደነበር በጥናት ታወቀ። ከዚያ በኋላ ለየአውራጃው የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ ይወጣ፣ በየትምህርት ቤቱም ይለጠፍ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከ80 ከመቶ በላይ ይደርስ ነበር። ለውጡን ያመጣው ማስታወቂያው ብቻ አይደለም የሚሉ አጥኚዎችም አሉ። ቢሆንም ወላጅ የተላከውን ሳያውቅ የደረሰውን ሊጠይቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

በሕንድ ራጃስታን ደግሞ የቀን ሠራተኞችና ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አደባባይ እየተሰበሰቡ የመንግሥትን የክፍያ መዝገብ ጮክ ብለው ያስነብቡ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰማ። ስሙ ሲጠራ «እኔ እዚያ ሥራ ላይ አልዋልኩም» የሚል ተነሣ፤ «ያ ግድብ አልተሠራም» የሚልም ተነሣ። እንቅስቃሴው እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለወጣው የሀገሪቱ የመረጃ መብት ሕግ አንዱ መነሻ ሆነ።

ስለዚህ ለዩኒየናችንና ለመሠረታዊ ማኅበሮቻችን አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የመንግሥት ድጋፍ ሲፈቀድ፣ ሥራው ሳይጀመር፣ መጠኑና ዓላማው ይነገር። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚነገር ቁጥር ለታሪክ እንጂ ለቁጥጥር አይረዳም።

ሁለተኛ፣ የተፈቀደው፣ የደረሰውና የወጣው ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነት ካለ ምክንያቱ ይገለጽ። ዋጋ ጨምሮ፣ የማጓጓዣ ወጪ ተነሥቶ ወይም ገንዘቡ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። አባሉ ምክንያት ሲነገረው ይረዳል።

ሦስተኛ፣ የአባላት መዋጮ፣ በገንዘብም ሆነ በጉልበት፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይስፈር። ቦይ የቆፈረ ሰው ሥራው «በመንግሥት ድጋፍ የተሠራ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ድካሙ ተዘነጋ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ጽሑፉ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ይለጠፍ፤ በገበያ መግቢያ፣ በማኅበሩ ሱቅ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ። በጉባኤም ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሴቶች አባላትም የሚጠይቁበት ጊዜ ይሰጣቸው።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፤ «ቁጥር ከተለጠፈ ንትርክ ይበዛል» የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን። ንትርኩ ግን ቁጥሩ ሳይለጠፍም አለ፤ በየቡናው ይወራል፣ ንጹሑም ሰው አብሮ ይታማል። በይፋ የተነገረ ሂሳብ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ታማኙን ገንዘብ ያዥና ታማኙን ሹም ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን እስኪያድር ባንጠብቅ ይሻላል።

ክቡራን አባላት፤ በእናንተም በኩል ግዴታ አለ። ሰሌዳው ሲለጠፍ ጠይቁ፣ አስነብቡ፣ በጉባኤ ቀን አትቅሩ። የማይጠየቅ ሂሳብ ዛሬ ቢለጠፍ ነገ ይቆማል።

በመጨረሻም፣ ዩኒየናችን የሚቀጥለውን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የመጣልንንና ያዋጣነውን እያንዳንዱ አባል በቃሉ የሚናገርበት ቀን ያድርግልን እያልኩ ንግግሬን አበቃለሁ።